ከፊታውራሪው አጥር ጀርባ

ሱሉልታ ሄደን ቢሆን ኖሮ ማንም አያለቅስም ነበር። የጸጉር ቤታችን ልጆች በሙሉ የመረጡት ሱሉልታን ነው፤ ፈረስ ሊጋልቡ፣ ማለቴ ፈረስ ላይ ቁጭ ብለው ፎቶ ሊነሱ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ስሜ ኤቢሴ ነው። ቡራዩ፣ ሶፊ ጸጉር ቤት፣ ሹሩባ እሠራለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርትን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ እሱም ተወኝ፤ ማናችንም አላለቀስንም። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ሶፊ በዓመት አንድ እሁድ በሩን ዘግታ ሽርሽር ትወስደናለች። ዘንድሮ "በድምፅ ብልጫ ነው" አለችና አራት ለአንድ ተሸነፍኩ። ግን ሶፊ ፈረስ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ፈረስ አንዲት ሙሽራን ከነቬሏ ጭቃ ውስጥ ሲጥላት የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጌ አሳየኋት። ሦስቴ ደጋግማ አየችው።

"ሌላ የት አለ?" አለች።

"ሰበታ ማዶ የፊታውራሪው ግቢ የሚባል አለ። የድሮ ፎቅ ቤት ነው፣ አበባ በአበባ ነው፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት። ፈረስ የለውም።"

"እሱ ይሁን።"

ድምፅ ብልጫው እዚያው ቀረ።

እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው ሉብና ብቻ ናት፤ ጥፍር የምትሠራዋ ጓደኛዬ። እሷም የሰማችው ምስጢር ጠባቂ ስለሆነች ሳይሆን ሌሊቱን አብራኝ ስላደረች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴን ደጊቱን "አዮ" ነው የምላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥን፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "አንቺን የወለደችሽ ውብአየሁ ናት፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ጉዲፈቻ ነሽ። በይ ያንን ሽንኩርት አቀብዪኝ" አለችኝ። በዚያ ቀን ማን በምን እንዳለቀሰ አይታወቅም፤ ሽንኩርት ነበረ።

ጉዲፈቻ በኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ካለው ሰው ይወስዳል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ የወሰደው ቤት ልጅ ነው፤ ግማሽ ልጅ፣ ሩብ ልጅ የሚባል የለም። አዮና ውብአየሁ ከፊታውራሪው ግቢ ጀርባ ባለው መንደር አብረው ያደጉ፣ ባል አግብተውም አጥር ለአጥር የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ውብአየሁ አራት ወልዳ አምስተኛውን አርግዛ ነበር፤ አዮ በአሥር ዓመት ትዳር አንድም የላትም። እኔ በተወለድኩ በአርባ ቀኔ ሽማግሌ ተቀመጠና ተሰጠሁ። ያን ቀን ውብአየሁ ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ፣ "ደጊቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ልጄ ብዬ አልጠራትም፤ ደጃቸውንም አልረግጥም" ብላ ማለች። አዮና ሟቹ አባቴ ቡራዩ ገቡ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

በችግር ሰጥታኝ ቢሆን ይገባኛል። ሰው ለጓደኛው ቀሚስ ያውሳል እንጂ ልጅ ይሰጣል እንዴ? አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን ሳመነዥክ ከረምኩ። የሴት ጸጉር እየጎነጎንኩ፣ ጭንቅላቱ የማን እንደሆነ እየረሳሁ፣ ይቺ ብትሆንስ እላለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አይታኝ "ልጄ" እንድትለኝ። አንዴ ብቻ። መሐላውን አውቃለሁ፤ ግን አዮ ቡራዩ ናት፣ ውብአየሁ ሰበታ፤ ማን ሄዶ ይነግራታል?

ለአዮ ሱሉልታ ነው የምንሄደው አልኳት።

እሁድ ጠዋት ሚኒባስ ተከራይተን ስድስት ሆነን ወጣን፤ ሶፊ፣ ሉብና፣ ቀለም የምትቀባዋ ኤዶም፣ ሁለቱ ጸጉር አጣቢዎችና እኔ። ሶፊ ለሁላችንም አዲስ ቲሸርት አሠርታለች። ጥቁር ነው፤ "ቀለም ቢፈስበት አይታይም" ትላለች። ከፊቱ ምንም የለበትም፣ ከጀርባው ግን "ሶፊ የውበት ሳሎን" ተብሎ በወርቃማ ተጽፏል።

"ለምን ከፊት አላደረግሽውም?" አለቻት ኤዶም።

"ሰው ሲያልፍ ዞሮ የሚያየው ከኋላ ነው። ቢዝነስ ተማሪ።"

በአየር ጤና አድርገን ዓለም ገናን አለፍን። ባጃጆቹ መንገዱን እንደ አባታቸው ርስት ነው የሚያቋርጡት፤ ሾፌራችን እየተሳደበ፣ ኤዶም ከሾፌሩ ስድብ አዲስ አዲሱን እየመዘገበች ሰበታ ገባን። ከሰበታ ወጥተን ወደ ተራራው የሚወስደውን የኮረኮንች መንገድ ያዝን። ሉብና እጄን ይዛ፣ "ካልፈለግሽ ታመምኩ እላለሁ፤ ማስመለስ እችልበታለሁ" አለችኝ። እንደሷ ያለ ጓደኛ የለም።

የፊታውራሪው ግቢ ያምራል። የድንጋይ በር አለው፣ ከበሩ እስከ ቤቱ ድረስ ግራና ቀኝ የጽድ ዛፍ ተሰልፎ ቆሟል፣ ጫፉን ለማየት አንገት ያምማል። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት አለው፣ ጣሪያው ዝጎ ቀይ ሆኗል፣ መስኮቱ ግማሹ መስታወት ግማሹ ካርቶን ነው። ከፊቱ በደረጃ በደረጃ የተሠራ የአበባ ቦታ አለ፤ ጽጌረዳው የሰው ቁመት ደርሶ በአጥሩ ላይ ተደፍቷል፣ ሮማን አለ፣ ኮክ አለ፣ መሐሉ ላይ ውሃ የማይወጣው ፏፏቴ አለ። "አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳውን ራሱን አበባ ሸፍኖታል።

ሦስት ሙሽሮች ተራ ይጠብቃሉ። አንደኛዋ ቀሚሷ ላይ ፌስታል ዘርግታ ሳምቡሳ ትበላለች።

"ጸጉሯን ማነው እንዲህ የገደለባት?" አለች ሶፊ። "ካርድ ልስጣት?"

"በሰርጓ ቀን?"

"ለመልሱ ትመጣለች።"

ዲሪርሳ የሚባል አስጎብኚ መጣ። ወጣት ነው፤ በጣም ይዋሻል። ጽጌረዳውን ፊታውራሪው ከቱርክ አገር በበቅሎ አስመጡት አለን። ሉብና "ቱርክ ድረስ በቅሎ ይሄዳል እንዴ?" ስትለው፣ "የድሮ በቅሎ ነዋ!" አላት። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አዮ የነገረችኝ አንድ ነገር፣ ውብአየሁ በዚህ ግቢ አበባ ታጠጣለች የሚል ነው። አረንጓዴ ጋዋን የለበሱ ሴቶች ቅጠል ይጠርጋሉ። የእያንዳንዳቸውን አፍንጫ አየሁ። አንደኛዋ አፍንጫዋ ቁርጥ የኔ ነው፤ ግን ዕድሜዋ ሃያ አይሞላም። ሁለተኛዋ ፈገግ ስትልልኝ ልቤ ቀጥ አለ፤ ጥርሷን ሳይ ከአዮም ሃያ ዓመት ትበልጣለች። ሦስተኛዋ "ምን ታፈጫለሽ? ገንዘብሽን በላሁብሽ?" አለችኝ። እቺ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። እንደኔ ናት።

ከቤቱ ጀርባ የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ አለ። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ ተደብቄ ገባሁ። መቆፈሪያ፣ የተጠቀለለ የውሃ ጎማ፣ ጫፉ የተበሳሳ የቆርቆሮ ማጠጫ ነበረ። ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ጋዋን ተሰቅሏል፤ ከየጋዋኑ በላይ በከሰል ስም ተጽፏል። "ውብአየሁ" የሚል አነበብኩ። ሰባተኛ ክፍል ለዚህ በቃኝ። ከስሩ ጥቁር ቦቲ ጫማ ተቀምጧል። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከተትኩበት። ሰፋኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በጣም ቅር አለኝ። ትንሽ ቆሜ ቆየሁ፣ እግሬን ውስጡ ወዲያ ወዲህ እያደረግኩ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የሷ እግር ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ የኔ ተረከዝ እዚያ ላይ አይደርስም።

"እህት፣ ጫማ ልትሰርቂ ነው?"

ዲሪርሳ ነበር።

"ውብአየሁ የት አለች?"

"እሁድ አትገባም። ቤቷ ከአጥሩ ጀርባ ነው፤ በትንሿ በር ወጥተሽ፣ ቁልቋሉን ተከትለሽ፣ ሰማያዊ በር። ምንሽ ናት?"

"ዘመዴ።"

"እሷ ዘመድ ሲመጣባት አይቼ አላውቅም" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገረ መሰለኝ።

ብቻዬን ሹልክ ልል ነበር ሐሳቤ። ግን ሶፊ ዓይኗ ሁሉም ቦታ ነው።

"የት?"

"ሰው ልጠይቅ። ቅርብ ነው። የአዮ ጓደኛ፣ ውብአየሁ የምትባል።"

"ለእናትሽ በእጄ ተረክቤ ነው ያመጣሁሽ። በማታውቂው መንደር ብቻሽን? ሁላችንም እንሄዳለን። እንዲያውም የገጠር ቤት ፎቶ እንነሳለን።"

ሉብና ልታስመልስ አፏን ስትይዝ አየኋት፤ ተዪው አልኳት በዓይኔ።

በትንሿ በር እንደወጣን ካፊያ ጀመረ። ሶፊ ጸጉሯ እንዳይበላሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ተከናነበች። እኔ ደግሞ፣ "እባካችሁ የሰው ቤት ነው የምንገባው፤ አትንጫጩ፣ አትሳቁ" ብዬ ለመንኳቸው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁሉም እግሩን እያየ ይራመዳል። የሶፊ ጸጉር ቤት ሰዎች ከተፈጠሩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስድስት ሆነው፣ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝም ብለው ሄዱ።

ውሃ የቀዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልን። አንድ ሽማግሌ አጥራቸው ሥር ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እንዴት ያለ ጨዋ አገር ነው!" አለች ሶፊ በሹክሹክታ።

ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ገብስ በሰፌድ ታበጥራለች። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል። ስታየን ተነሳች። አፍንጫዋን ላይ ብዬ ቀና አልኩ፤ ግን አፍንጫዋን አላየሁም። ዓይኔ ውሃ ሞላ። አላቀድኩትም፤ ዝም ብሎ መጣ።

"ደህና ዋላችሁ?" አለች።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውብአየሁ ማለት እርስዎ ነዎት?" አለች ሶፊ።

"እኔ ነኝ። ከየት ነው የመጣችሁት?"

ሶፊ እኔን አየችኝ፣ ተናገሪ ብላ። እኔ፣ ምላሴን አንድ ቀን ጥርሴ ላይ አስሬ የማላውቀው፣ አንድ ቃል አጣሁ። ሶፊ ራሷ መለሰች።

"ከቡራዩ ነው። ከደጊቱ ቤት።"

ሰፌዱ እጇ ላይ ዘመመ። ገብሱ መፍሰስ ጀመረ።

"ደጊቱ ምን ሆነች?"

ሶፊ፣ የዋህ፣ ደንግጣለች ብላ ክንዷን ያዘችና፣ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ" አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የኛ አገር ሰው ሳልነግረውም ያውቀዋል። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ ያልተጠበቁ እንግዶች ቤትሽ መጥተው ቁጭ በይ ካሉሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግሩሽ። ከመሐላቸው አንዷ ቆማ የምታለቅስ ከሆነማ ጨርሰው ነግረውሻል።

"ደጊቱ ኮ! ደጊቱዬ!" ብላ ጮኸች። ደረቷን በሁለት እጇ መታች። "እህቴ! ሳላይሽ! አሥራ ሰባት ዓመት መንገዱን እያየሁ፣ ዛሬ ትመጣለች ነገ ትመጣለች ስል፣ ሳላይሽ! ልጄን ታቅፈሽ የሄድሽው! ልጄን ያሳደግሽልኝ!"

ከዚያ ዞራ አየችኝ። ከስድስታችን መሐል እኔን። ማን እንደሆንኩ ማንም አልነገራትም። መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሻካራ ነው፣ የገብስ ብናኝ አለበት።

"ኢንተላ ኮ!" አለች።

አዮ በቀን መቶ ጊዜ የምትለኝ ነው። በኦሮምኛ "ልጄ" ማለት ነው፤ አዮ ስትለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ቁጣ ይከተለዋል። ይሄኛው ከኋላው ምንም አልነበረውም። ባዶ ሜዳ ነው።

"ልጄ! እናትሽን ቀብረሽ መጣሽልኝ? ልጄን!"

አሁን ያደረግኩትን ልናገር። በዚያች ሰዓት "አልሞተችም" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ነገሩ ገብቶኛል፣ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቄአለሁ። ግን ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ብላኝ ነበር፣ ሁለተኛ አለችኝ፣ ሦስተኛውን ፈለግኩ። አንገቴ ሥር ገብታ "ልጄ" ስትል ትንፋሿ ይሰማኛል፤ እኔ አዮን ገድያት ቆሜ እሰማለሁ።

መንደሩ በሩጫ ገባ። ሴቶቹ ከአጥር ጀምረው እየጮኹ ነው የመጡት። ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ፣ ኦቦ ኢቲቻ ይባላሉ፣ ዱላቸውን ጥለው "ደጊቱ! ደጊቱ!" እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ኤዶም ምንም ሳይገባት አብራ ታለቅሳለች። ውብአየሁ ፊቴን ለቃ መሬት ላይ ራሷን ልትጥል ስትል ያኔ ነው የነቃሁት። ወገቧን ያዝኳት።

"አልሞተችም! አዮ ደህና ናት! አልሞተችም!"

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ነው የቆመው፤ ከኋላ ያሉት እስኪሰሙ ድረስ ከፊት ያሉት ዝም አሉ። ኦቦ ኢቲቻ ዓይናቸውን ጠርገው ቀረቡ።

"አልሞተችም?"

"አልሞተችም።"

"ታዲያ እናንተ ጥቁር ለብሳችሁ፣ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ የመጣችሁት ምን ሆናችሁ ነው?"

ሶፊ ፊቷ ከነጠላዋ ነጣ። ዞራ ጀርባዋን አሳየቻቸው። እኛም ዞርን። ስድስት ጀርባ፣ ስድስት "ሶፊ የውበት ሳሎን"። አንድ የሚያነብ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ከሴቶቹ አንዷ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እንባቸው ገና አልደረቀም። ኦቦ ኢቲቻ ግን አልሳቁም።

"ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል" አሉ። "ደጊቱ እንግዲህ ሁላችንንም ትቀብራለች።"

ውብአየሁ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ወገቧ ላይ የነበረውን እጄን ቀስ ብላ አነሳችው፤ እንደ ሰው ዕቃ፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ። ሰዎቹን ወደ ውጭ ሸኘች፣ እኛን አስቀመጠች፣ ለሁላችንም አሬራ ቀዳች። ለሶፊ ስትሰጥ "አይዞሽ" አለቻት። ለኔ ስትሰጥ ዓይኗን አላነሳችም።

ልጆቹ ወደ በረንዳው ሲወጡ እኔ ቀረሁ። አንቺ ልበላት፣ አንቱ ልበላት አላወቅኩም። አዮን አንቺ ነው የምላት። አፌ ላይ የመጣው አንቱ ሆነ።

"ለምን ሰጡኝ?"

ገብሱን ከመሬት እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

"የኛ ቤት ልጅ ይንጫጫል፤ የሷ ቤት ዝም ይላል" አለች። "በመሐላችን ያለው አጥር ብቻ ነው። እኔ የልጆቼን ጩኸት ስሰማ፣ ከማዶ ያ ዝምታ ይሰማኛል። የልጆቼን ክርስትና ሁሉ የደገሰችልኝ እሷ ናት። ጨርሳ ቤቷ ትገባና ዝም ይላል። አልቻልኩም።"

"ከዚያ በኋላስ? ያኛው ዝምታ ወደርስዎ አልመጣም?"

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን አፍ ያስተማረችኝን አዮን የምትፈልግ ይመስል ፊቴን መረመረችው።

"መጣ" አለች። "አጥር ለአጥር ሆነን እንዴት ሳልጠራሽ እኖራለሁ? ስለዚህ ሂዱልኝ አልኳቸው።"

"ዛሬ ጠሩኝ እኮ።"

"ሞታለች ብዬ ነው የጠራሁሽ። አልሞተችም።" እጇ ላይ የያዘችውን ገብስ ሰፌዱ ውስጥ ጨመረች። "እውነት ደህና ናት? ድምጿን አሰሚኝ።"

ስልኬን አወጣሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ኦቦ ኢቲቻ ከበሩ አልሄዱም ነበር፤ ደጊቱ ልትናገር ነው ሲባሉ ገብተው ተቀመጡ።

"ሄሎ! ኤቢሴ! ፈረሱ ጣለሽ አይደል?"

"አልጣለኝም አዮ።"

"ሹራብሽ አልጋው ላይ ነው! ሱሉልታ እኮ ብርድ ነው። ለቲክቶክ ብለሽ በዚያች በቲሸርት ልትሞቺ ነው? ኢንተላ ኮ፣ እኔ ምን ላድርግሽ? ምሳ በልተሻል? የሚረባ ነገር ነው የበላሽው ወይስ እንደ ፍየል ስትቀነጣጥቢ ነው የዋልሽው?"

ውብአየሁ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታለች። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፤ ሰው የሚገባበት በር ይመስል። አናግሪያት ብዬ በእጄ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

"ድምጿ እኮ አልተለወጠም!" አሉ ኦቦ ኢቲቻ። ጆሯቸው ስለደከመ በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው ነው።

ስልኩ ዝም አለ።

"ማነው ያ?" አለች አዮ።

"ሬዲዮ ነው።"

ከአዮ ጀርባ የቡራዩ ባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

"የሱሉልታ ሬዲዮ" አለች አዮ ቀስ ብላ፣ "ኦቦ ኢቲቻን ይመስላል።"

ውብአየሁ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አዮ አንድ ነገር እስክትል ጠበቅኩ፣ ውብአየሁ አንድ ነገር እስክትል ጠበቅኩ። ሁለቱ ሴቶች በኔ ስልክ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲደማመጡ ቆዩ።

"በጊዜ ግቢ" አለች አዮ በመጨረሻ፣ ዘጋችው።

ሾፌራችን ከግቢው በር ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። ውብአየሁ እስከ ሰማያዊው በር ሸኘችን። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳመች። እኔ ጋ ስትደርስ እንደ ሌሎቹ ሦስቴ ሳመችኝ፤ አላስበለጠችም። ከበሩ እንጨት አንድ እርምጃ አላለፈችም።

"በይ ሂጂ፣ የደጊቱ ልጅ" አለችኝ።

መኪና ውስጥ ሉብና "ሰማሽው አይደል? ለዚያ አይደል የመጣሽው?" አለችኝ። አዎ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ግን አንድ ነገር ሰበታን ሳናልፍ ገባኝ፤ ያቺን ቃል ከውብአየሁ አፍ ዳግመኛ የምሰማት አዮ የሞተች ቀን ነው። የምመኘው ነገር በዚያ በኩል ብቻ ነው ያለው። አልመኘውም ብዬ ማልኩ፤ ዓለም ገና ስንደርስ ተመኘሁት። ሉብና ትከሻዋን ሰጠችኝ። ኤዶም ሾፌሩን ስለ አዳዲስ ስድቦቹ ትጠይቀዋለች።

ቤት ስገባ ገና አልመሸም። አዮ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ሹራቤ ጉልበቷ ላይ ተጣጥፏል። ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። አልገረፈችኝም።

"ፈረሱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

ሹራቡን ሰጠችኝ። ለበስኩት። መንገዱን ታያለች፤ አንድ አህያ ውሃ ጭኖ አለፈ፣ እሱን በዓይኗ እስከ ማዕዘኑ ሸኘችው።

"ጸጉሯ ሸብቷል?" አለች።

"ከፊት ትንሽ።"

"ቀጭን ናት አሁንም?"

"አሁንም።"

የቀሚሷን ጫፍ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ ቆየች። "ምን ብላ ጠራችሽ?"

ልነግራት እችል ነበር። እንዴት እንደጮኸች፣ "እህቴ ሳላይሽ" ብላ ደረቷን እንዴት እንደመታች ልነግራት እችል ነበር፤ ያንን ግን ከነገርኳት ሌላውንም እነግራታለሁ።

"የደጊቱ ልጅ" አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ያለችኝ እሱን ነው።

"ሞኝ" አለች አዮ። "እኔ እኮ አላስማልኳትም።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን የለውም።

የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ከኋላዋ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሻሿን ፈታሁ፣ ጸጉሯን በጣቶቼ ከፈልኩት። የሷም ሸብቷል፤ ከፊት ብቻ አይደለም፣ ውስጥ ውስጡን። መቼ እንደጀመረ አላየሁትም። ነጩን ወደ ውስጥ፣ ጥቁሩን ወደ ላይ እያደረግኩ፣ አጥብቄ፣ እንዳይፈታ አድርጌ ጎነጎንኩላት።

"አመመኝ፣ አላላው እንጂ!" አለች።

አላላሁትም።